ሳላስበው በጨረታ ፌራሪ ገዛሁ፤ ሞተሯን ላስነሳት ወይስ ይቅር?

#1 ሰማያዊ355

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ስለምፈልግ ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ከትናንት ወዲያ ጨረታ የሄድኩት ለሥራዬ የምትሆን ፒካፕ ፍለጋ ነበር። ዝርዝሩን ቤቴ ሆኜ አጥንቼ፣ ከዚህ በላይ አልወጣም ያልኩትን ዋጋ ወረቀት ላይ ጽፌ ኪሴ ከትቻለሁ። የፒካፗ ተራ ሳይደርስ መጋዘኑ ጥግ ላይ ሸራ የለበሰች ዝቅ ያለች መኪና አየሁ። አንዱ ሠራተኛ ሸራውን ገፈፈው። ከአቧራው ብዛት ግራጫ ትመስል ነበር፤ በእጅጌው ጠረግ ሲያደርጋት ጥቁር ሰማያዊው ብቅ አለ። ፌራሪ ኤፍ355 በርሊኔታ (ጣሪያዋ የማይከፈተው)፣ የ1996 ሥሪት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)።

በሩ አልተቆለፈም። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። የማርሹ ዘንግ የሚሄድበት ያ ክፍት የብረት መስመር ጠርዙ በእጅ ብዛት ለስልሷል። ከሁለት ወደ ሦስት ስስበው ብረት ብረትን ነክቶ «ቀጭ» አለ። ልጅ ሳለሁ ፎቶዋን አልጋዬ ራስጌ ለጥፌ ያደግኩባት መኪና ናት። ገና ከወንበሯ ሳልነሳ ቁጥሯ ተጠራ።

መነሻ ዋጋው ዝቅ ያለ ነበር። ሦስት ሆነን ጀመርን፣ አንዱ ወጣ፣ ሁለት ቀረን። ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ትዝ አላለኝም። መዶሻው ሲወርድ ጆሮዬ ጭው አለ። ቢሮ ገብቼ ስፈርም ነው በመዶሻው ዋጋ ላይ የገዢ ኮሚሽንና በየቀኑ የሚቆጠር የማቆያ ክፍያ እንዳለ ያየሁት። ውሉ «ባለበት ሁኔታ» ይላል።

የማውቀው ይህን ያህል ነው፦ ባለቤቷ አርፈው ወራሾች ናቸው የሸጧት። 41,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። የሰርቪስ ደብተሯ ላይ የመጨረሻው ማኅተም የ2009 ነው። ባትሪዋ ሞቷል።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። አልጮኸችም። «ፒካፗስ?» ብቻ አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገ ጭነው ያመጡልኛል። አዲስ ባትሪ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ባትሪውን አስሬ ላስነሳት?

#2 ጥቅልጥቅል_መንገድ

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! 355 ለእኔ ከሁሉም የምትበልጥ ናት። ፎቶ ላክልን፣ በተለይ የኋላዋን።

#3 የድሮ_መካኒክ

ልጄ፣ ባትሪውን አትሰር። ቁልፉንም መኪናዋ ላይ አትተወው፤ ሰው መጥቶ «እስቲ» ብሎ እንዳያዞረው።

ምክንያቱን ልንገርህ። 355 ማለት 3.5 ሊትር፣ በሲሊንደር 5 ቫልቭ (አየር የሚገባባቸውና ጭስ የሚወጣባቸው በሮች) ማለት ነው። ስምንት ሲሊንደር ስለሆነች በድምሩ 40 ቫልቭ አላት። እነዚህን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር በልክ የሚያስኬዷቸው ሁለት የጎማ የታይሚንግ ቺንጋዎች ናቸው፤ በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ። ቺንጋው ቢበጠስ ወይም ጥቂት ጥርስ ቢዘል ፒስተኑ ወጥቶ ያልተዘጋውን ቫልቭ ይመታዋል። ቫልቭ ይጣመማል፣ ፒስተን ይበሳል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይወርዳል። ሲበጠስ አያስጠነቅቅህም፤ አንዴ ካለፈ አለፈ።

አሁን ደብተርህን ተመልከት። የመጨረሻው ማኅተም 2009። የእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች ቺንጋውን ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ይቀይሩታል፤ መኪናዋ ብትነዳም ባትነዳም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «41,000 ብቻ ነው የሄደችው» ይላል። ጎማ በኪሎ ሜትር ብቻ አያረጅም፤ ቆሞም ይደርቃል፣ ቆሞም ይሰነጠቃል። እንዲያውም አንድ ቦታ ላይ ተጣጥፎ ለዓመታት የቆመ ቺንጋ ያን ቅርጽ ይይዛል። ከዚያ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) በድንገት ሲጎትተው የመጀመሪያው ዙር ላይ ነው አደጋው።

መኪናዋ በጎማዋ እየተንከባለለች አትግባ። ጭነህ አምጣት፣ በጭነት መኪናው ዊንች ተስባ ትውረድ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። ማርሽ ገብቶ ከተገፋች ሞተሩ ይዞራል።

#4 ቶሎቶሎ

አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ ጋሼ፣ ትንሽ በዛ። እኔ 8 ዓመት የቆመ መኪና በአዲስ ባትሪና በአዲስ ቤንዚን አስነስቼ እስከ ዛሬ እየነዳሁት ነው። ግማሽ ደቂቃ ብታስነሳት ምን ትሆናለች? ቢያንስ ሞተሩ ደህና መሆኑን ታውቃለህ።

#5 የድሮ_መካኒክ

ያስነሳኸው መኪና ሞተር ምን ዓይነት ነበር? በሰንሰለት የሚሠራ ከሆነ፣ ወይም ቺንጋው ሲበጠስ ፒስተንና ቫልቭ የማይነካኩበት ሞተር ከሆነ፣ ትክክል ነህ፤ የምታጣው ነገር ትንሽ ነው። በዚህችኛዋ ግን ልጁ በግማሽ ደቂቃ የሚያገኘው ድምፅ ብቻ ነው። የሚያስይዘው ሙሉ ሞተር ነው።

ሞተሩ ደህና መሆኑን ማወቅ ከፈለገ ሳያስነሳ የሚታወቅበት መንገድ አለ። ካንዴላዎቹን ፈትቶ በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት ጠብ ያደርጋል፣ አንድ ሁለት ቀን ያሳድረዋል። ከዚያ ሞተሩን በቁልፍ በእጁ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ፣ ቀስ እያለ ያዞረዋል። ወደ ኋላ አይመልሰውም፤ ወደ ኋላ ሲዞር ቺንጋው በላላው በኩል ጥርስ ሊዘል ይችላል። በእጅ እየተሰማህ ስታዞር የሆነ ነገር ቢይዝህ ቆም ትላለህ። ሞተሪኖ ቆም አይልም።

#6 ቶሎቶሎ

ገባኝ ጋሼ። የእኔው የሰንሰለት ነበር። ምክሬን አንስቻለሁ።

#7 ሰነድ_መርማሪ

ወንድሜ፣ ሁሉም ስለ ሞተሩ እያወራ ነው፤ እኔ ስለ ወረቀቱ ልጠይቅህ። መኪናዋ ከመጫኗ በፊት ዛሬውኑ አድርግ።

የሻንሲ ቁጥሯን ራስህ አንብብ። 17 ፊደልና ቁጥር ነው፤ የፌራሪ ከሆነ በዜድ-ኤፍ-ኤፍ ይጀምራል። ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክረው፣ በዓይንህ ብቻ ሳይሆን በጣትህ እየተከተልክ። የሞተር ቁጥሩንም እንዲሁ። በእንደነዚህ ዓይነት መኪኖች ላይ ሞተሩ አብሯት የተወለደው መሆኑ በዋጋዋ ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ቁጥሮቹ ካልገጠሙ የጨረታ ቤቱ የቅሬታ ጊዜ ሳያልፍ በጽሑፍ አሳውቅ፤ «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ስለ መካኒካል ጉድለት እንጂ ስለ ማንነቷ አይደለም፤ የውሉን አንቀጾች ግን ቃል በቃል አንብባቸው።

ወራሾች የሸጧት ስለሆነ ሁሉም ወራሽ መፈረማቸውንና ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለባት የሚያሳይ ወረቀት ጠይቅ። ደግሞ ወራሾቹን በጨረታ ቤቱ በኩል አንድ ነገር ለምናቸው፦ የሟቹ መሳቢያ ውስጥ ያለ ማንኛውም ደረሰኝ፣ የድሮ ፎቶ፣ ትርፍ ቁልፍ። ለእነሱ የሚጣል ወረቀት ነው፣ ለአንተ ግን የመኪናዋ ታሪክ ነው። ኢንሹራንሱንም ከመንገድ ላይ ጉዞዋ በፊት ጨርስ፤ ዋጋዋ በስምምነት የተጻፈበት ይሁን እንጂ «በወቅቱ የገበያ ዋጋ» የሚል አይሁን።

#8 ሒሳብ_ይቅደም

እኔ ደግሞ የማትወደውን ልናገር። አሁኑኑ ሽጣት።

በ1971 ሦስት የነዳጅ ኩባንያ መሐንዲሶች ስለ ጨረታ አንድ ጽሑፍ አውጥተው ነበር። ኩባንያዎች ባሕር ውስጥ ያለ የነዳጅ መሬት ሲጫረቱ፣ ሁሉም ስለ አንድ ነገር ዋጋ ይገምታሉ፤ የሚያሸንፈው ግን ከሁሉም አብልጦ የገመተው ነው፤ ስለዚህ አሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ ከዋጋው በላይ የከፈለው ሆኖ ይገኛል። «የአሸናፊ እርግማን» ይሉታል። አንተ ግምት እንኳን አልነበረህም፤ የነበረህ ግምት የፒካፗ ነው። ቺንጋው እንዲቀየር ሞተሯ ሳይወርድ ብትሸጣት የምታጣው ኮሚሽኑንና ትንሽ ልዩነት ነው። ሞተሯ ከወረደ በኋላ ግን የምታወጣው ገንዘብ አይመለስም፤ ያወጣኸውን እያሰብክ ሌላ ታወጣለህ።

ይህን የምለው ክፉ አስቤ አይደለም። ባለቤትህ ያለችውን አንብቤ ነው።

#9 ሰማያዊ355

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባትሪው አልታሰረም፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

እህቴ ሰነድ መርማሪ፣ የሻንሲውም የሞተሩም ቁጥር ገጥሟል። ወራሾቹ ትርፍ ቁልፍና ከመኪናዋ ጋር የመጣውን መመሪያ መጽሐፍ ላኩልኝ።

ሒሳብ ይቅደም፣ ያልከው እውነት ነው፤ ሁለት ሌሊት አስቤበታለሁ። ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ወረቀት ላይ ጻፍነው። የእኔ የድሮ ፒካፕ ጠግነን አንድ ዓመት ታገለግላለች። ለአዲሷ ያስቀመጥነው ገንዘብ ውስጥ የቀረው ለዚህች መኪና ጥገና ይውላል፣ ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም ከቤት አይወጣም። መካኒኩ ሞተሩን አውርዶ ሲያይ ከዚያ በላይ የሚያስወጣ ከሆነ እንደወረደች እንሸጣታለን። ቁጥሩን የጻፈችው እሷ ናት፣ ሁለታችንም ፈርመንበታል። ያቺን ወረቀት እንደ መጀመሪያዋ ኪሴ ውስጥ አልከተትኳትም፤ ማቀዝቀዣው በር ላይ ናት።

#10 ሒሳብ_ይቅደም

እንዲህ ከሆነ ከጎንህ ነኝ።

#11 ከ348_ጋር_የኖረ

ሰላም። እኔ ከ355 በፊት ከነበረችው ፌራሪ፣ ከ348 ጋር 11 ዓመት ኖሬያለሁ፣ የቅርብ ጓደኛዬ ደግሞ 355 አለው፤ ስለዚህ የማውቀውን ልጨምር።

መጀመሪያ፣ የያዝከው ነገር ምን እንደሆነ እንድታውቀው። 348 በ1989 ስትወጣ የነቀፏት ብዙ ነበሩ፤ በ1991 ፌራሪን የተረከቡት ሉካ ዲ ሞንቴዜሞሎ ራሳቸው አልወደዷትም። 355 በ1994 የመጣችው ያንን ለማረም ነው። 380 ፈረስ ጉልበት በደቂቃ በ8,250 ዙር፤ ያለ ተርቦ፣ ከ3.5 ሊትር። የኔን 348 እወዳታለሁ፤ ግን 355 ከ6,000 ዙር በኋላ የምታሰማውን ድምፅ የእኔዋ አታሰማም፤ ይህን ለመናገር አላፍርም።

አሁን ወደ ሥራው። የ355 ቺንጋ የሚቀየረው ሞተሩ ወርዶ ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የኋላው ፍሬም አንድ ላይ ሆነው በታች ይወጣሉ፤ ማለትም አካሏ ከሞተሩ ላይ ወደ ላይ ይነሳል። ከእሷ በኋላ በ1999 የመጣችው 360 ከወንበሮቹ ጀርባ ባለው ክዳን በኩል ሞተሩ ሳይወርድ ይቀየርላታል፤ ከዚያ ቀጥላ የመጣችው ኤፍ430 ደግሞ ጭራሽ በሰንሰለት ነው የምትሠራው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ካወረድክ አይቀር፣ እዚያ ውስጥ ተደብቆ የሚኖረውን ሁሉ አብረህ ጨርሰው፦ የቴንሽነር (ቺንጋውን የሚወጥረው) ኩሽኔታዎች፣ የውሃ ፓምፕ፣ የውሃና የነዳጅ ጎማዎች፣ የካም ዘንግ (ቫልቮቹን የሚከፍተው) ሲሎች። ለአንዲት ርካሽ ጎማ ብለህ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እንዳታወርዳት።

የጭስ ማውጫ ማኒፎልዶቹን (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስቡትን ቱቦዎች) በብርሃን ተመልከታቸው። በ355 ላይ እየሰነጠቁ ማስቸገራቸው የታወቀ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሥሪቶች የቫልቭ ጋይዶች (ቫልቮቹ የሚንሸራተቱባቸው ቱቦዎች) ደግሞ ከነሐስ ስለነበሩ ቶሎ ይበላሉ፤ በኋላኞቹ በጠንካራ ብረት ተተክተዋል። ያንተ የ1996 ስለሆነች የሊክ-ዳውን ፍተሻው ሳይደረግ ማንም ሰው ሞተሩን መልሶ እንዳይሰቅል።

ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት አዝራሮች እጅ ላይ እንደ ማስቲካ ቢጣበቁብህ አትደንግጥ፤ ሽፋናቸው በዕድሜ ይቀልጣል፣ ተላጦ በአዲስ ይቀባል። ይህ የመጨረሻ ሥራህ ይሁን።

#12 ገና_ጀማሪ

ይቅርታ፣ ሊክ-ዳውን ማለት ምን ማለት ነው?

#13 የድሮ_መካኒክ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ፒስተኑን ከላይ ጫፍ ላይ፣ ቫልቮቹ ሁሉ እንደተዘጉ ታቆመዋለህ። በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ታስገባና ከገባው ውስጥ ስንት በመቶው እንደሚያመልጥ በሁለት ጌጅ ትለካለህ። ቁጥሩ ብቻ አይደለም ጥቅሙ፤ አየሩ የሚያመልጥበትን ቦታ ጆሮህ ይነግርሃል። በጭስ ማውጫው ከተነፈሰ የጭስ ቫልቭ ነው። በአየር መሳቢያው ከተነፈሰ የመሳቢያ ቫልቭ ነው። የዘይት ክዳን ስትከፍት ከተሰማህ የፒስተን ቀለበት ነው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካየህ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። እኔ ይህን ሳላደርግ ያገለገለ የስፖርት መኪና ለማንም «ግዛ» ብዬ አላውቅም።

#14 ሰማያዊ355

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሞተሩ ወርዷል፤ ሥራውን የያዘው መካኒክ እያንዳንዱን ነገር እያሳየኝ ነው የሚሠራው።

የቺንጋ ሽፋኑ ሲነሳ እዚያው ነበርኩ። ከሩቅ ሲታይ ደህና ነበር፤ ጥቁር፣ ጥርሱ ሙሉ። መካኒኩ አውጥቶ በሁለት ጣቱ ወደ ኋላ ጎበጥ አደረገውና መብራት አስጠጋበት። በየጥርሱ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ነበሩ፤ አንድ ሁለት ሳይሆን በተርታ። አንዱ ጥርስ ላይ በጥፍሩ ሲገፋው ጠርዙ ተፈርፍሮ መዳፉ ላይ ቀረ። ከዚያ የቴንሽነሩን ኩሽኔታ በእጄ አስያዘኝና አዙረው አለኝ። ውስጡ አሸዋ ያለበት ያህል ይንኮሻኮሻል። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ያንን ባትሪ ለማሰር አንድ ቀን ብቻ ነበር የቀረኝ። ጋሼ፣ ውለታዎትን አልረሳም።

ሊክ-ዳውኑ በስምንቱም ሲሊንደር ጥሩ ነው፤ የሁሉም ቁጥር ተቀራራቢ ነው፣ በጭስ ማውጫው የሚተነፍስ የለም። ማኒፎልዶቹ ደህና ናቸው። ጎማዎቹን ሳያቸው ግን መሬት የነካው ገጽ አዲስ ይመስላል፣ ጎናቸው ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር 1408 ይላል፤ በ2008 በ14ኛው ሳምንት የተሠሩ ናቸው ማለት ነው። አራቱም ተጥለዋል። የፍሬን ዘይቱ ሻይ መስሎ ነው የወጣው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ወራሾቹ የላኩልኝ መመሪያ በጣሊያንኛ ነው። ጣሊያንኛ አላውቅም፤ ግን ከመካኒኩ ጋር ገጽ ገጹን ስንገልጥ ግማሹን አነበብነው። ፍሪዚዮኔ ፍሪሲዮን ነው፣ ካንዴሌ ካንዴላ ነው፣ ካምቢዮ ያው ካምቢዮ ነው፣ ቺንጊያ ቺንጋ ነው፣ ኮፋኖ ኮፈን ነው። መካኒኩ 30 ዓመት ሙሉ ሲጠራቸው የኖረውን ቃላት ከተሠራችበት አገር መጽሐፍ ላይ ታትመው ሲያይ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ሞዴና አጠገብ ማራኔሎ ውስጥ የጻፏት መጽሐፍ ለእኛ ጋራዥ የተጻፈች መሰለችን።

ወጪው እስካሁን ማቀዝቀዣው በር ላይ ከተጻፈው ቁጥር በታች ነው። ብዙ አይደለም የቀረው፣ ግን በታች ነው።

#15 ጥቅልጥቅል_መንገድ

የኩሽኔታው ነገር ሰውነቴን ነዘረኝ። ለአንድ ቀን!

#16 ከ348_ጋር_የኖረ

ማኒፎልዶቹና ሊክ-ዳውኑ ደህና መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ከሁሉም የፈራሁልህ ያንን ነበር። ስትነዳት ሁለት ነገር ያዝልኝ። አንደኛ፣ ካምቢዮው ቀዝቃዛ እያለ ሁለተኛ ማርሽ አልገባም ይላል። አትታገለው፤ ከአንድ ወደ ሦስት ዝለል፣ የካምቢዮው ዘይት ሲሞቅ በራሱ ይለሰልሳል። ይህን የማያውቅ ሰው ነው ሲንክሮውን (ማርሹን አለስልሶ የሚያስገባውን ቀለበት) የሚበላው። ሁለተኛ፣ «ስሎው ዳውን» (ፍጥነት ቀንስ) የሚል መብራት ቢበራብህ ብዙ ጊዜ የሙቀት መለኪያው ሴንሰር ነው የሚሳሳተው፤ ነገር ግን ሴንሰር ነው ብለህ አትንዳ። አንድ ሲሊንደር ሳይተኩስ ቀርቶ ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታሊስቱ (ጭሱን የሚያጣራው) ውስጥ እየነደደ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ አቁም፣ ከዚያ መርምር።

#17 የድሮ_መካኒክ

ልጄ፣ መካኒክህ ሥራውን ያውቃል፤ ቢሆንም ለመጀመሪያው ማስነሳት የእኔን ቅደም ተከተል አካፍለው። አሮጌው ቤንዚን ተቀድቶ ይውጣ፣ ማጣሪያዎቹ ይቀየሩ። አዲሶቹ ቺንጋዎች ከታሰሩ በኋላ ሞተሩ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙርና ምልክቶቹ እንደገና ይታዩ፤ ሦስተኛ ጊዜ ቢያያቸውም አልቀየመውም። ካንዴላዎቹ ሳይገቡ፣ ነዳጁና ኮይሉ (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ተቋርጦ፣ የዘይት ግፊት ጌጁ እስኪነሳ በሞተሪኖው ይዙር። ያን ጊዜ ካንዴላውን አስገብታችሁ አስነሱት። የእሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር፤ አዲስ የታሰረ የነዳጅ ጎማ ሁሌም ሊያንጠባጥብ ይችላል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ይህ ሞተር ዘይቱን ከሥሩ ሳይሆን ለብቻው በቆመ ታንክ ነው የሚይዘው። ልኩ የሚታየው ሞተሩ ሞቆ፣ እየሠራ እያለ ነው። በቀዝቃዛው ለክታችሁ ጎደለ ብላችሁ እንዳትሞሉት።

#18 ሰማያዊ355

ዛሬ ጠዋት ተነሳች።

ባለቤቴ አብራኝ መጥታ ነበር። የዘይት ግፊቱ እስኪነሳ ስንጠብቅ ማንም አልተናገረም። ከዚያ መካኒኩ ቁልፉን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ሰጣት። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ አነጠሰች፣ ሦስተኛው ላይ ያዘች። ጥቂት ሰማያዊ ጭስ ወጣ፤ ሲሊንደር ውስጥ ጠብ ያደረግነው ዘይት ነው፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጠፋ። ነዳጅ የሚያንጠባጥብ የለም። ባለቤቴ ጋዙን አልነካችም፤ እጇን መሪው ላይ አድርጋ ብቻ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አወጣኋት። ከአንድ ወደ ሦስት ዘለልኩ፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድኩ በኋላ ሁለተኛው ሳልገፋው ገባ። ከ4,000 ዙር በላይ አላወጣኋትም፤ ለ6,000ው ጊዜ አለ። ፒካፗም ፍሪሲዮኗ ተቀይሮ ነገ ሥራ ትወጣለች።

#19 የድሮ_መካኒክ

ተመስገን። ዘይቱን ሞቃ እየሠራች ለካችሁት?

#20 ሰማያዊ355

ለካነው ጋሼ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ነው፣ ከላይኛው ትንሽ ዝቅ ብሎ።